የእንዶዱ ሰው፦ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እና ሃያ አምስት ዓመት የፈጀ ጥያቄ

ልጅ ሆኜ አያቴ ዘንድ ክረምትን ሳሳልፍ፣ ለበዓል የሚለበሰው ነጠላና ጋቢ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። አያቴ የደረቀውን ፍሬ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች፣ ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፣ ከዚያ ያ የሚገርም አረፋ ይነሳል። አንድ ቀን በአረፋው ስጫወት ቆይቼ ዓይኔን በእጄ አሸሁት። ያቃጠለኝን ማቃጠል እስካሁን አልረሳውም። አያቴ ግን ብዙም አልደነገጠችም። ውኃ እያፈሰሰች አጠበችኝና እንዶድ ልብስ እንጂ ዓይን እንደማይወድ ነግራኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዘንድሮ ለኮርሳችን የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ ስንባል ብዙዎቻችን ወደ አርበኞችና ወደ ድምፃውያን ነበር የሮጥነው። እኔም እንደዚያው። በኋላ ግን ስለ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ሳነብ ያ የልጅነት ዓይን ማቃጠል ትዝ አለኝ። ለካስ የእኚህ ሰው የሕይወት ዘመን ትልቁ ሙግት አያቴ ውኃ እያፈሰሰች በአንድ አረፍተ ነገር ከመለሰችው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ኖሯል። እንዶድ ሰውን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ቆዳን፣ ዓይንን፣ ሆድን ምን ያደርጋል? ይህን የሚመልሰውስ ማነው?

(አንባቢ እንዳይደናገር፣ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሐረርጌ እስከ አድዋ

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ በቀድሞው አጠራር ሐረርጌ በሚባለው የምሥራቅ ኢትዮጵያ ክፍል ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። የተማሩት ስለ ጥገኛ ተውሳኮችና ስለሚያመጧቸው በሽታዎች ነው። ያኔ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ዲግሪ የያዘ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነው። ውጭ አገር መቅረት ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው ቢልሃርዝያን ማጥናት ጀመሩ።

ቢልሃርዝያ ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስታውስ። ተውሳኩ ሰው ውስጥ ሆኖ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ ደግሞ ለመኖር የግድ የተወሰነ ዓይነት ቀንድ አውጣ ያስፈልገዋል። ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ በብዙ ሺህ ሆኖ ተመልሶ ውኃው ውስጥ ይበተናል። ልብስ ለማጠብ፣ ለመዋኘት፣ ውኃ ለመቅዳት ወንዝ የገባን ሰው ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው በዓመታት ውስጥ ነው፤ አንጀትና ጉበት ይታመማሉ፣ ሆድ ይነፋል፣ ልጆች ይደክማሉ፣ ከትምህርት ይቀራሉ። በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በዚህ በሽታ ይያዝ እንደነበር ነው ለብዙ ዓመታት ሲነገር የቆየው።

እንግዲህ የበሽታው ሰንሰለት ከተበጠሰ በሽታው ይቆማል። ከሰንሰለቱ ቀለበቶች አንዱ ቀንድ አውጣው ነው። ያኔ ቀንድ አውጣን የሚገድሉ ኬሚካሎች ነበሩ፤ ነገር ግን ከውጭ በውድ የውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። ለድሃ አገር በየወንዙ እየገዙ መርጨት የሚታሰብ አልነበረም።

ወጣቱ ዶክተር በ1964 ቀንድ አውጣዎችን ለማጥናት አድዋ ሄዱ። ወንዙ ዳር ሰዎች ልብስ ያጥባሉ። እሳቸውም ውኃውን ተከትለው ሲመለከቱ አንድ ነገር ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይንሳፈፋሉ። ከፍ ብሎ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። በምን እንደሚያጥቡ ጠየቁ፤ በእንዶድ ነው ተባሉ። እዚያው በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ ጨምሪበት አሏት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

እኔን የገረመኝ ላቦራቶሪው ሳይሆን ይሄ ነው። ያ ወንዝ ዳር ለዘመናት ልብስ ሲታጠብ ቀንድ አውጣዎቹም ሲሞቱ ኖረዋል። ብዙ ሰው አይቶት ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱን ነገር አገናኝቶ ለምን ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አስፈለገ።

አረፋው ውስጥ ምን አለ?

እንዶድ ሳሙና የሚሆነው ሳፖኒን የሚባሉ ውህዶች ስላሉት ነው። እነዚህ በኬሚስቶች አጠራር ሰርፋክታንት ከሚባለው ወገን ናቸው። ሰርፋክታንት ማለት አንደኛው ጫፉ ውኃን የሚወድ፣ ሌላኛው ጫፉ ደግሞ ቅባትን የሚወድ ሞለኪውል ነው። ልብስ ላይ ያለውን ቅባት በአንድ ጫፉ ይይዛል፣ በሌላው ጫፉ ውኃውን ይይዛል፣ እድፉም ከውኃው ጋር ይሄዳል። ኦሞ፣ ሻምፖ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ ሁሉም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ችግሩ ቅባት ያለው ልብስ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። የእያንዳንዱ ሕይወት ያለው ሴል ሽፋን ከቅባት የተሠራ ነው። ስለዚህ ሰርፋክታንት እድፍንና ሴልን ለይቶ አያውቅም። ስስ ሽፋን ሲያገኝ ይሸረሽራል፣ ሲበዛም ይቀዳዋል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ይኸው ነው። ዓይን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ቆዳችን ከላይ በሞተ የሴል ድርብርብና በቅባት ስለተሸፈነ ቶሎ አይበገርም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሳሙና ውስጥ የሚውል እጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይቀላል። ዓይን ግን ያንን የመሰለ መከላከያ የለውም። የዓይናችን የፊተኛው ሽፋን፣ ኮርኒያ የሚባለው፣ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ሕያው ሴል ነው።

አክሊሉ ይህን ጉዳይ ብቻቸውን አልተጋፈጡትም። ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከነበሩ ኬሚስቶች ጋር በመተባበር ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ውህድ ተነጥሎ ወጣ። ስሙም ከእሳቸው ስም ተወስዶ ለማቶክሲን ተባለ። በዚህ ምርምር ሂደት ከታወቁት ነገሮች አንዱ ደስ ይላል። የእንዶድ ፍሬ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ውህዱ ያን ያህል ኃይል የለውም። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው ግን እዚያው ፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም ይሠራና ወደ ኃይለኛው ዓይነት ይቀይረዋል። እንግዲህ እናቶቻችን ፍሬውን ወቅጠው ውኃ ውስጥ ሲዘፈዝፉት ኬሚስትሪውን በትክክል እየሠሩት ነበር ማለት ነው።

አምስት ዓመት በአድዋ

በ1966 አክሊሉ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ኢንስቲትዩቱ እንዶድ ላይ ብቻ አልነበረም የሚሠራው፤ ሊሽማንያሲስን የመሳሰሉ ሌሎች የአገሪቱን በሽታዎችም ያጠና ነበር። ግን የመሥራቹ ልብ ከእንዶድ አልራቀም።

ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ከተማ ላይ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። እንዶድ እየተወቀጠ በከተማዋ ወንዞች ውስጥ እንዲገባ ተደረገ፣ የነዋሪውም ጤና ተመረመረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከጠቅላላው ሕዝብ ቢልሃርዝያ የነበረበት ሰው ከመቶ 63 ወደ 34 ወረደ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ደግሞ ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ወረደ። የሕፃናቱ ቁጥር ዋናው ነው። አዋቂው ድሮ የያዘው በሽታ አብሮት ይቆያል። ሕፃኑ ግን አዲስ ነው፤ እሱ ካልተያዘ ወንዙ ፀድቷል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ መነሳት ያለበት ሌላ ሰው አለ፤ ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ። እሳቸው የዕፅዋት ባለሙያ ናቸው። እንዶድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ብዙ ያፈራል፣ ሌላው በሽታና ነፍሳትን ይቋቋማል፣ ሌላው ደግሞ ቀንድ አውጣ በመግደል ይበልጣል። ዶክተር ለገሰ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ አብቅለው፣ አወዳድረው ቁጥር 44 የተባለውን መረጡ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ብዙ ምርመራዎች የተካሄዱት በዚህ ዓይነት ላይ ነው።

ጥያቄው መጣ

እስካሁን ያለውን የሚያነብ ሰው ታሪኩ እዚህ ላይ በድል የሚያልቅ ይመስለዋል። አላለቀም። እንዲያውም ፈተናው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

እንዶድ በሌሎች አገሮችም በስፋት ሥራ ላይ እንዲውል የዓለም ጤና ድርጅትና የለጋሽ አገሮች ድጋፍ ያስፈልግ ነበር። ከእነሱ የመጣው መልስ ባጭሩ ይህ ነው፤ ውኃ ውስጥ የምትጨምሩት ነገር ለሰውና ለእንስሳ ደኅና መሆኑን በታወቀ ደረጃ አሳዩ። አዲስ አበባ ላይ የተሠሩት የመርዛማነት ምርመራዎች በቂ ናቸው ተብለው አልተወሰዱም።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብን። ጥያቄው ራሱ ትክክል ነው። አያቶቻችን ተጠቅመውበታል ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም። እንዶድ ዓሣ ይገድላል፤ ይህ የታወቀ ነው። ሲጠጣ ሰውን ሊጎዳ ይችላል። ዱቄቱ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ያስነጥሳል፣ ዓይን ውስጥ ሲገባ እኔ ምስክር ነኝ። ወንዝ የአንድ ሰው ልብስ ማጠቢያ ብቻ አይደለም፤ ከታች ያለው ሕዝብ ይጠጣዋል፣ ከብት ይጠጣዋል።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ምርመራ እንዴት ነው የሚደረገው? ያኔ በዓለም ሁሉ የታወቀው ዘዴ የድሬዝ ምርመራ ይባላል። ጆን ድሬዝ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሳይንቲስት ሲሆኑ ዘዴያቸውን ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት በ1944 ነው። ጥንቸል ይያዝና አንደኛው ዓይኑ ውስጥ የሚመረመረው ነገር ጠብ ይደረጋል፤ ሌላኛው ዓይን ለማወዳደሪያ ይቀራል። ከ24፣ ከ48 እና ከ72 ሰዓት በኋላ እየታየ ነጥብ ይሰጣል። ኮርኒያው ደፍርሶ እንደሆነ እስከ 80 ነጥብ፣ የዓይኑ ባለቀለም ክብ ተቆጥቶ እንደሆነ እስከ 10፣ የዓይኑ ነጭና የቆቡ ውስጠኛ ክፍል ቀልቶ ወይም አብጦ እንደሆነ እስከ 20፣ በድምሩ 110። ለቆዳ ደግሞ የጥንቸሉ ፀጉር ይላጭና ነገሩ በጨርቅ ተደርጎ ይለጠፋል። ሲነሳ መቅላቱና ማበጡ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣቸዋል።

ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ውጤቱ እንዲታመን ከተፈለገ ጥንቸሉ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደመዘነ፣ ማን እንደመዘገበ፣ ናሙናው ከየትኛው ፍሬ እንደተወሰደ ሁሉ በሰነድ መያዝ አለበት። አሜሪካ ይህን የመልካም ላቦራቶሪ አሠራር ደንብ ያወጣችው በ1978 ነው፤ የበለጸጉት አገሮች ድርጅት ደግሞ በ1981 የራሱን አወጣ። በዚሁ ደንብ የሚሠራ ላቦራቶሪ የነበረው ሀብታም አገር ውስጥ ነው፣ ዋጋውም ከባድ ነው። አንድ ትልቅ ኩባንያ አዲስ ኬሚካል ሲያወጣ ይህን ወጪ ይከፍላል፤ በኋላ በሽያጭ ይመልሰዋል። እንዶድ ግን በየአጥሩ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ባለቤት የለውም። ማን ይክፈልለት?

የአክሊሉ ቅሬታ እዚህ ላይ ነበር። ምርመራው አይደረግ አላሉም፤ እንዲያውም ይደረግ ብለው ለዓመታት ደጅ የጠኑት እሳቸው ናቸው። ያስከፋቸው ከአፍሪካ የወጣ ምርምር ገና ሳይነበብ የሚጠረጠር መሆኑ ነው። አንድ ምርመራ አዲስ አበባ ሲሠራ የማይታመን፣ ያው ምርመራ አውሮፓ ሲሠራ የሚታመን ከሆነ አፍሪካዊው ሳይንቲስት ምን ሊሠራ ነው? ይህን ሙግት በየመድረኩ አንስተዋል።

ከአዲስ አበባ እስከ ስቶክሆልም

በ1974 አገሪቱ ውስጥ አብዮት መጣ። አክሊሉ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ሥር፣ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት ጉዳዮች መሥራት ጀመሩ። በኋላም በዓለም አቀፉ የሕፃናት መርጃ ድርጅት ሥር ጣልያን ፍሎረንስ ከተማ የሚገኘው የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። ደኅና ሥራ፣ ደኅና ደመወዝ ነው። እንዶድን ረስተው መኖር ይችሉ ነበር። አልረሱትም። በ1983 ሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ ስዋዚላንድ ውስጥ በእንዶድ ላይ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ስብሰባዎች ተካሄዱ፤ ከሁለቱም ጀርባ እሳቸው ነበሩ።

በመጨረሻም የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ መደበ። ቁጥር 44 እንዶድ በደንቡ መሠረት ተመረመረ። ሲዋጥ፣ ቆዳ ሲነካ፣ ዓይን ውስጥ ሲገባ፣ የዘር ውርስን ይለውጥ እንደሆነ፣ ውኃ ውስጥ ያሉ ፍጥረታትን ምን እንደሚያደርግ፣ ሁሉም ታየ። ውጤቱ በ1991 በታወቀ የሳይንስ መጽሔት ወጣ፤ በሜዳ ላይ ሙከራውን ለመቀጠልም በር ከፈተ። አድዋ ወንዝ ዳር ከታየው ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ሃያ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። ጥያቄው ከተነሳ እንኳ ቢቆጠር የአንድ ትውልድ ዕድሜ ሄዷል።

እዚህ ላይ ስለ መጠን አንድ ነገር ልበል፤ እኔም ሳነብ ነው የገባኝ። አንድ ነገር ዓይን ያቃጥላል ማለትና ሰውን ይጎዳል ማለት አንድ አይደለም። ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣ ለመግደል የሚያስፈልገው እንዶድ በአንድ ሚሊዮን እጅ ውኃ አሥር፣ ሃያ እጅ ያህል ነው። ይህም ማለት በ1000 ሊትር ውኃ ከአሥር እስከ ሃያ ግራም ገደማ ነው። አያቴ ሳፋ ውስጥ የነበረው ከዚህ በብዙ እጥፍ የወፈረ ነው። ደግሞም እንዶድ ውኃ ውስጥ ሲቆይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈራርሳል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅ የሚገባው ወንዙን የሚሻገረው ሰው ሳይሆን ዱቄቱን የሚወቅጠውና የሚበትነው ሠራተኛ ነው። ለእሱ መነጽርና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልገዋል። ጥሩ ምርመራ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ይለፍ ወይም አይለፍ ለማለት ብቻ ሳይሆን ማን፣ የት፣ በምን ያህል መጠን እንደሚጎዳ ለይቶ ለመናገር።

በ1989 ፕሮፌሰር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ለሁለት ኢትዮጵያውያን፣ በአንድ የአገር ቤት ቁጥቋጦ ምክንያት፣ ስቶክሆልም ላይ መቆም ትልቅ ክብር ነው።

ሌላ አገር፣ ሌላ ቀንድ አውጣ

በ1990 የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊሰጣቸው ጠራቸው። ቶሌዶ ያለችው ኤሪ ከሚባለው ትልቅ ሐይቅ ዳር ነው። በዚያ ሰሞን አካባቢው የሜዳ አህያ ዓይነት ዝንጉርጉር መስመር ባለው፣ በመርከብ ውኃ ከአውሮፓ በመጣ ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጥረት ተወርሮ ነበር። የውኃ ቧንቧ ላይ እየተጣበቀ ይዘጋል፣ ፋብሪካና ከተማ ያስጨንቃል። አክሊሉ እንዶድ ይሞከርበት አሉ። ተሞከረ፤ ገደለው። ዩኒቨርሲቲውም በዚህ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ከዚያ ወዲህ የአንድ አገር ሕዝብ ለዘመናት ያቆየው ዕውቀት ሌላ አገር ሲመዘገብ ባለቤቱ ማነው የሚለው ክርክር ሲነሳ እንዶድ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል።

እኔ ግን ከዚህ ውስጥ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ለድሃ ልጆች በሽታ የተገኘው መድኃኒት ሃያ አምስት ዓመት ጠበቀ። የሀብታም አገር ቧንቧ ሲደፈን ግን ላቦራቶሪው ቶሎ ተከፈተ።

ሐቁን ለመናገር እንዶድ ዛሬም የታሰበለትን ያህል በዓለም ላይ አልተስፋፋም። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል የሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት መጣ፤ በ1980ዎቹ ዓለም ከወንዙ ይልቅ በሽተኛውን ወደ ማከም አዘነበለ። መድኃኒቱ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን ታክሞ የዳነ ልጅ ነገ ያው ወንዝ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ይያዛል። አክሊሉ ወንዙን እንመልከት ያሉት ለዚህ ነበር።

ከእሳቸው በኋላ

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 1997 አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ይጠራል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ምርምሩን ቀጥሏል።

የሰርፋክታንት ምርመራውም ቢሆን እንደ ድሮው አልቀረም። የጥንቸሎቹ ስቃይ በ1980 ገደማ አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ተቃውሞ ካስነሳ በኋላ ሳይንቲስቶች ሌላ መንገድ መፈለግ ጀመሩ። ዛሬ ከሰው ሴል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያድግ ቆዳ መሰል ሽፋን አለ። ኬሚካሉ ይደረግበታል፣ ይታጠባል፣ ከቆይታ በኋላ ስንቱ ሴል በሕይወት እንዳለ በቀለም ይለካል። ከግማሹ በላይ ከሞተ ኬሚካሉ ቆዳን ያስቆጣል ተብሎ ይመደባል። ይህ ዘዴ በ2010 ዓለም አቀፍ መመሪያ ወጥቶለታል፤ ለዓይንም ተመሳሳዩ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳት ላይ የተሞከረ የመዋቢያ ምርት ገበያው ላይ እንዳይሸጥ በ2013 ሙሉ በሙሉ ከልክሏል።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን የደም ምርመራው ነው። የሰርፋክታንትን ዓይን አስቆጪነት ለመገመት ከሚጠቅሙ ዘዴዎች አንዱ ቀይ የደም ሴሎችን ከኬሚካሉ ጋር ቀላቅሎ ምን ያህሉ እንደፈነዳ መለካት ነው። ሽፋኑን የቀደደ ሰርፋክታንት ዓይንንም ይቆጣል ተብሎ ነው። የእንዶድ ተመራማሪዎችም ፍሬው ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማወቅ የተጠቀሙት ይህንኑ የደም ሴል ማፈንዳት ነበር። ርካሽ ነው፣ ብዙ ዕቃ አይፈልግም፣ ጥንቸል አያሰቃይም፣ አዲስ አበባም ሊሠራ ይችላል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የሚቀር ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። አንድ የባህል መድኃኒት ተገኘ ሲባል በደስታ ዘለን ዜና እንሠራለን። ወይም ደግሞ ነጭ ያላረጋገጠው ነገር ነው ብለን እንንቀዋለን። አክሊሉ ሁለቱንም አላደረጉም። የአድዋዋን አጣቢ አመኗት፤ ያመኗት ግን አረፋዋን ዕቃ ውስጥ አስጨምረው ቀንድ አውጣው ሲሞት ካዩ በኋላ ነው። ከዚያም ይጎዳ ይሆን ለሚለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ዕድሜያቸውን ሰጡ። እኛም ብዕር ስናነሳ ተመርምሯል ወይ ብለን እንጠይቅ። አልተመረመረም ከተባልን ደግሞ እዚያ ላይ አናቁም፤ ለምን አልተመረመረም፣ ማን ነበር መክፈል የነበረበት ብለን እንቀጥል።

ባለፈው ክረምት አያቴን ስለ እሳቸው ነገርኳት። እንዶድ በሽታ ያቆማል ስላት ብዙም አልገረማትም። ይልቅ የገረማት ዓይን እንደሚያቃጥል ለማወቅ ያን ያህል ዓመትና ገንዘብ ማስፈለጉ ነው። በ1000 ሊትር አሥር ግራም ሲሆን እንደማያቃጥልም ጭምር ነው የታወቀው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። እሱን እንኳ አላውቅም ነበር ብላ ሳቀች።